ሳንቲም ሲሳሳት፤ በኪስ ገንዘብ ላይ የሚገኝ የቀረጻ ስሕተትን ስለ መለየትና ዋጋውን ስለ መገመት

ከወሎ ሰፈር መጋጠሚያ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ጎተራ ወይም ወደ መስቀል ዐደባባይ የሚሄድ ተማሪ፥ ረዳቱ መልስ ሲሰጠው የሚመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሒሳቡ መሙላቱን ነው። ከሞላ ወደ ኪሱ ይጨምረዋል፤ ካልሞላ ይከራከራል። ሳንቲሙን ራሱን አገላብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ ገንዘብ የተሠራው ሊሰጡትና ሊቀበሉት ነውና። ይሁን እንጂ ሳንቲም የመኪና ሥራ ነው፤ መኪናም እንደ ሰው አልፎ አልፎ ይሳሳታል። የተሳሳተውን ሳንቲም የመቅረጫ ቤቱ ተቈጣጣሪዎች ለቅመው ያስቀሩታል፤ ጥቂቱ ግን ከዐይናቸው አምልጦ ከብዙዎቹ ጋር በከረጢት ይገባል፥ ከባንክ ይወጣል፥ በመጨረሻም ከእኛ ኪስ ይደርሳል።

እንዲህ ያለውን ሳንቲም የሚፈልጉና ከላዩ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች በዓለም ላይ አሉ። ይህ እውነት ነው። ከዚህ እውነት ጋር ግን ብዙ ሐሰት ተቀላቅሎ በየስልኩ ይዞራል፤ «ይህን ሳንቲም የያዘ ሰው ባለጸጋ ሆነ» የሚለው ወሬ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ወሬውን አምኖ የወሩን የምሳ ገንዘብ ለአንድ የተጣመመ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው ባይጠፋ አይገርምም። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለዚህ ነው። መጠርጠር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን፤ ሳንቲም እንዴት እንደሚቀረጽ፥ እውነተኛው ስሕተት ከጉዳት እንዴት እንደሚለይ፥ ዋጋውም በምን እንደሚገመት።

፩. የጥንቱ ሰው ገንዘቡን ይመረምር ነበር

ገንዘብን በዐይንና በጣት መመርመር ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። አያቶቻችን በጠገራ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፥ ገበያተኛው የተቀበለውን ብር ሳያገላብጥ ከኪሱ አይጨምርም ነበር። ጠገራው የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ቀረ። ሰው በአክሊሏና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች አይቶ፥ የጠርዙን ጽሑፍ ዳስሶ፥ ካልጣመው «አልቀበልም» ይል ነበር። ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል የራሳቸውን ታለር ቢያስቀርጹም ገበያው አልወደደውም፤ የሴቲቱ መልክ የሚያውቁት መልክ አልነበረምና። ከዚህም የተነሣ በ1927 ዓ.ም. ዋናውን ማኅተም ራሱን ከኦስትሪያ ወስደው በሮማ ማስመታት ጀመሩ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ያስቀረጹት በፓሪስ ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ 1887 ዓ.ም. ተጽፎባቸዋል። ብሩ፥ አላዱ፥ ሩቡ፥ ተሙኑና ግርሹ ከዚህ ይመደባሉ። በእነዚህ ገንዘቦች ላይ ያለው አንበሳ በአንዳንዱ የግራውን፥ በሌላው የቀኙን የፊት እግር አንሥቶ ይታያል። ይህን አይቶ «ቀራጩ ተሳስቷል» የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ይህ የሥዕል ለውጥ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቀን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አክሱም ዘመን ብንዘልቅም ነገሩ እንዲሁ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ አስቀርጸዋል። በኋለኞቹ የወርቅ ገንዘቦች ላይ የግሪኩ ጽሑፍ ፊደሉ እየተዛባና እየተዘለለ ሄዷል፤ ቀራጩ የሚቀርጸውን ቋንቋ እየረሳ መሄዱን ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ በገንዘብ ላይ የተገኘ ስሕተት ከዋጋው ሌላ የታሪክ ምስክር መሆኑን ከወዲሁ ማስተዋል ይገባል።

፪. ሳንቲም እንዴት ይቀረጻል

ስሕተቱን ለማወቅ አስቀድሞ ትክክለኛውን አሠራር ማወቅ ያሻል። ሥራው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የብረቱ ወረቀት በሚፈለገው ውፍረት ይዳመጣል። ከዚያም አንድ መብሻ መኪና ከወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ጥፍጥፎችን ቈርጦ ያወጣል፤ ዳቦ ጋጋሪ ከተዳመጠ ሊጥ ላይ በብርጭቆ አፍ ክብ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ጥፍጥፉ ዙሪያውን ተጨምቆ ከንፈር ያወጣል። በመጨረሻም በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይገባል፤ አንዱ ማኅተም የፊቱን፥ ሌላው የጀርባውን ሥዕል የያዘ ነው። ጥፍጥፉን ዙሪያውን አንድ የብረት ቀለበት ይይዘዋል። ማኅተሞቹ በከባድ ኀይል ሲገናኙ ብረቱ እንደ ሰም ይፈስና የሥዕሉን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላል፤ ቀለበቱም ወደ ጎን እንዳይዘረጋ ያግደዋል። የጠርዙ ጥርስ የሚገኘውም ከዚሁ ቀለበት ነው።

ስለዚህ በሳንቲም ላይ ስሕተት ሊገባ የሚችለው በሦስት በሮች ብቻ ነው፤ በጥፍጥፉ፥ በማኅተሙ፥ ወይም በመምታቱ ጊዜ። አንድ ያልተለመደ ሳንቲም ስናገኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በየትኛው በር ገባ?» የሚል ይሁን። በሦስቱም በር ሊገባ የማይችል ከሆነ ጉዳቱ የደረሰበት ከመቅረጫ ቤት ከወጣ በኋላ ነው።

፫. ሦስቱ የስሕተት ወገኖች

ሀ. የጥፍጥፍ ስሕተት። መብሻው መኪና ወረቀቱ በሚገባ ሳይገፋለት ደግሞ ከበሳ፥ ቀድሞ በወጣው ቀዳዳ ላይ ይደርብና ጥፍጥፉ እንደ ተገመጠ ብስኩት ጎኑ ጎድሎ ይወጣል። ይህ በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኙት ስሕተቶች አንዱ ነው። መለያው እንዲህ ነው፤ የተገመጠው ጎን ክብነት ያለው ቅስት ይሆናል፤ በእርሱ ትይዩ ባለው ወገን ደግሞ የሳንቲሙ ከንፈር ይደክማል ወይም ይጠፋል። ምክንያቱም ከንፈሩ ሲጨመቅ በጎደለው በኩል የሚገፋ ስላልነበረ በትይዩም ግፊት አላገኘም። ሰው በመቀስ ወይም በሞረድ ቈርጦ የሠራው ግን ትይዩው ከንፈር ሙሉ ነው፤ አስመሳዩ ከንፈሩን ማድከም አይችልምና።

ከዚሁ ወገን በሌላ ብረት ላይ የተመታ ሳንቲም ይገኛል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው የ1943 እ.ኤ.አ. አንድ ሳንቲም ነው። በዚያ ዓመት መዳብ ለጦርነቱ ስለ ተፈለገ ሳንቲሙ ዚንክ ከተቀባ ብረት ተሠራ፤ በመኪናው ዕቃ ውስጥ ተደብቀው የቀሩ ጥቂት የመዳብ ጥፍጥፎች ግን አብረው ተመቱ። እነዚህ ዛሬ እጅግ ውድ ናቸው። አታላዮችም አልቦዘኑም፤ ተራውን የብረት ሳንቲም በመዳብ እየቀቡ ለመሸጥ ሞከሩ። አንድ ትንሽ ማግኔት ግን ታጋልጣቸዋለች፤ መዳብ በማግኔት አይሳብም፥ የተቀባው ብረት ግን ይሳባል።

ለ. የማኅተም ስሕተት። ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ሥዕሉ ሁለት ጊዜ በጥቂት ልዩነት ካረፈበት፥ ከእርሱ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ፊደሉና ቍጥሩ ድርብ ሆኖ ይታያል። የ1955 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ድርብነቱ ያለ መነጽር ስለሚታይ በዚህ ስመ ጥር ሆኗል። ማኅተሙ ብዙ ሠርቶ ሲሰነጠቅ ደግሞ ብረቱ በስንጥቁ ውስጥ ይገባና በሳንቲሙ ላይ ቀጭን የተነሣ መስመር ይተዋል። የማኅተሙ ጠርዝ ተሰብሮ ከወደቀ በዚያ በኩል ሥዕል የሌለው እብጠት ይወጣል። ልብ በሉ፤ የማኅተም ጉድለት ሁልጊዜ በሳንቲሙ ላይ ወደ ላይ የተነሣ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ውስጥ የገባ ጭረት ግን የመንገድና የኪስ ሥራ ነው። ይህችን አንዲት ሕግ የያዘ ሰው ከሚያጋጥሙት አጠራጣሪ ሳንቲሞች ብዙዎቹን ወዲያው ይለያል።

እንዲሁም አብረው መሥራት የማይገባቸው ሁለት ማኅተሞች በስሕተት የሚጣመሩበት ጊዜ አለ። ፈረንጆች ይህን «በቅሎ» ይሉታል። የእኛ ሰው «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እንደሚለው፥ እንዲህ ያለው ሳንቲም አንድ ወገኑ ብቻ ትውልዱን ይናገራል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 የ20 ፔኒው ሥዕል ሲለወጥ ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ ወደ ንግሥቲቱ ፊት ተዛወረ። አሮጌው የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር በስሕተት ስለ ተጣመረ፥ በሁለቱም ወገን ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ወደዚህ ምሳሌ ስለ ዋጋ ስንናገር እንመለሳለን።

ሐ. የመምታት ስሕተት። ጥፍጥፉ በቦታው በሚገባ ሳያርፍ ከተመታ ሥዕሉ ከመካከል ሸሽቶ በአንድ ወገን ባዶ ግማሽ ጨረቃ ይቀራል። ቀለበቱ ካልያዘው ብረቱ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሳንቲሙ ሰፊና ጠርዘ ልሙጥ ይሆናል። የተመታው ሳንቲም ካልወጣና ሌላ ጥፍጥፍ ከደረሰበት፥ አዲሱ ጥፍጥፍ በአንድ ወገን ትክክለኛውን ሥዕል፥ በሌላው ወገን ያንኑ ሥዕል ወደ ውስጥ የገባና የተገላበጠ አድርጎ ይቀበላል። በማኅተሙ ላይ ቅባትና ትቢያ ከተጠራቀመ ደግሞ ፊደል ይሞላና ከሳንቲሙ ላይ ይጠፋል፤ ይህ የመጨረሻው ስሕተት ቢሆንም እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ዋጋው ኢምንት ነው።

፬. ስሕተት የሚመስሉ፥ ነገር ግን ያልሆኑ

ከስሕተቱ ይልቅ ስሕተት መሳዩ ይበዛል። ስለዚህ በአገራችን ሳንቲሞች ላይ የሚያጋጥሙንን ዋና ዋናዎቹን ለይተን እናያለን።

አንደኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን የተቀረጹት የ1፥ የ5፥ የ10፥ የ25ና የ50 ሳንቲም ገንዘቦች ሁሉ ፲፱፻፴፮ ተጽፎባቸዋል። ብሩ ከነዚህ ሳንቲሞቹ ጋር በሥራ ላይ የዋለው በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፥ በኋላ በየጊዜው ሲቀረጹም ዓመቱ አልተለወጠም። በደርግ ዘመን የወጡትም ፲፱፻፷፱ን ይዘው ለብዙ ዓመት ቈዩ። እንግዲህ በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ያለው ዓመት የቀረጻውን ዓመት አያስረዳም፤ ብርቅነቱንም አያስረዳም። የውጭ አገር ሻጮች ደግሞ ፲፱፻፴፮ን በራሳቸው አቈጣጠር ወስደው የጦርነት ዘመን ገንዘብ ነው ይላሉ፤ በእነርሱ አቈጣጠር ግን 1943/44 ነው። የግእዝ ቍጥር የሚያነብ ተማሪ በዚህ ከብዙ ነጋዴ ይበልጣል።

ሁለተኛው የ25 ሳንቲሙ ጠርዝ ነው። የ፲፱፻፴፮ቱ መዳብ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበረ። በመጠን ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፥ አታላዮች ብር እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም ያስተላልፉት ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተቀነበበው ወጣ፤ ከክቡም ከፊሉ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ ገና ተቈረጠ። በዚህ ምክንያት ቅንብቡ ያልተስተካከለ 25 ሳንቲም ቢገኝ የቀረጻ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ መንግሥት አስቦ ያደረገው እርማት ነው። ያም ሆኖ ታሪኩ ከብዙ ስሕተት ይበልጣል፤ አንድ የማጭበርበር ዘዴ የሳንቲሙን ቅርጽ እንዴት እንደ ለወጠው በጣታችን ዳስሰን እንማርበታለንና።

ሦስተኛው የአንበሳው ጢም ነው። በ፲፱፻፷፱ኙ ሳንቲሞች ፊት ላይ የሚያገሣ የአንበሳ ራስ አለ። ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን አድርገን በመነጽር ብናይ፥ በአንዱ የአገጩ ጢም እኩል እኩል ሆኖ፥ በሌላው ግን በግራ በኩል ሁለቱ ረዘም ብለው እናገኛለን። ይህም የታወቀና በሰብሳቢዎች መዝገብ የተመዘገበ የዐይነት ልዩነት ነው። ማኅተሙ ከአንድ ጊዜ በላይ ለየብቻው ሲዘጋጅ እንዲህ ያለው ልዩነት ይመጣል። ዐይነትና ስሕተት እንደሚለያዩ ከምኒልክ አንበሳ እግር ላይ አይተናል፤ ዐይነት ታስቦ ወይም በአሠራር ልዩነት የመጣ ነው፥ ስሕተት ግን ሳይፈለግ ያመለጠ ነው።

አራተኛው የብረቱ ነገር ነው። የቀድሞዎቹ የናስና የመዳብ ኒኬል ሳንቲሞች በማግኔት አይሳቡም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈባቸው ግን በብዛት ውስጣቸው ብረት፥ ላያቸው ቅብ ስለ ሆነ ይሳባሉ። ስለዚህ አንዱ 25 ሳንቲም ተስቦ ሌላው ባይሳብ ወዲያው «በሌላ ብረት የተመታ ነው» ብለን አንጩህ፤ ሁለቱም በየዘመናቸው ትክክል ናቸው።

አምስተኛው ተራ ጉዳት ነው። የተጣመመ፥ በመኪና ጎማ የተደፈጠጠ፥ በእሳት የጠቈረ፥ ለአንገት ጌጥ የተበሳ፥ በሎሚና በአመድ ታሽቶ ያብለጨለጨ፤ ይህ ሁሉ ጉዳት ነው። ከዚሁ የሚቈጠር አንድ ተንኰለኛ ድርብነት አለ። ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲነሣ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ በፊደሉ ጎን ላይ እንደ መደርደሪያ የተለጠጠ ጠፍጣፋ ጥላ ይተዋል። የእውነተኛው ድርብ ማኅተም ፊደል ሁለቱም ጫፎች ክብና ሙሉ ሆነው ይነሣሉ፤ ይኸኛው ግን ዝቅ ያለና የተጠረገ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሞኘው በዚህ ነው።

፭. የምርመራ መሣሪያና ሥርዐት

ለዚህ ሥራ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፥ ትንሽ ማግኔት፥ ግራም የሚለይ ሚዛንና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ሚዛን የሌለው ወርቅ ቤት የሚያውቀው ሰው ካለ ያስመዝን። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ግን ሌላ ሳንቲም ነው። ምክንያቱም ትክክለኛውን የማያውቅ ሰው የተሳሳተውን አያውቅም።

ሥርዐቱ እንዲህ ይሁን። አንደኛ፥ የተጠረጠረውን ሳንቲም ከእርሱ ጋር አንድ ዐይነትና አንድ ዓመት ከሆኑ ዐሥር ሳንቲሞች ጋር አሰልፈው ያዩታል። ሁለተኛ፥ ዐሥሩን በአንድነት መዝነው ለዐሥር ያካፍላሉ፤ የተጠረጠረው ከዚህ አማካይ እጅግ ከራቀ ብቻ የጥፍጥፍ ጥያቄ ይነሣል። ሦስተኛ፥ ፊቱን ቀጥ አድርገው በሁለት ጣት ከላይና ከታች ይዘው ወደ ጎን ያዞሩታል፤ የጀርባው ሥዕል ከዐሥሩ በተለየ ሁኔታ ካዘነበለ አንዱ ማኅተም በመኪናው ውስጥ ዞሮ ነበረ ማለት ነው። አራተኛ፥ ጠርዙን ዙሪያውን ያዩታል፤ ሰው የነካው ሳንቲም ብዙውን ጊዜ የሚከዳው በጠርዙ ነውና። አምስተኛ፥ ማግኔቱን ያቀርቡለታል። ስድስተኛ፥ ያዩትን ሁሉ ከቀኑና ከተገኘበት ስፍራ ጋር በወረቀት ይጽፋሉ።

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው የአንድ ብር ሳንቲም ለዚህ ጥናት በጣም ይመቻል። ይህ ሳንቲም ከሁለት ቀለም ብረት፥ ማለት ከቀለበትና ከእምብርት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለስሕተት አንድ ተጨማሪ በር ይከፍታል፤ እምብርቱ ከመካከል ሊሸሽ ወይም ጭራሹን ሊጎድል ይችላል። በመዶሻ ተመትቶ የወጣ እምብርት ግን የቀለበቱን የውስጥ ጠርዝ ያቈስለዋል፤ ሥዕሉም በቀለበቱ አፋፍ ላይ ድንገት ተቈርጦ ይቀራል። ያለ እምብርት የተመታ ቀለበት ደግሞ ብረቱ ወደ ባዶው ቀዳዳ ጥቂት ይፈስሳል። በሳንቲሙ ጀርባ ሚዛን መቀረጹ ለእኛ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ሳይመዝኑ አይፍረዱ።

፮. ዋጋ በምን ይገመታል

አሁን ብዙ አንባቢ የሚጠብቀው ክፍል ላይ ደርሰናል። ዋጋ በአራት ነገሮች ይቆማል፤ በእውነተኛነቱ፥ በጉልህነቱ፥ በይዞታውና በፈላጊው ብዛት። የመጀመሪያውን እስካሁን አይተናል። ጉልህነት ማለት ስሕተቱ ያለ መነጽር መታየቱ ነው፤ ሥዕሉ በግማሽ የሸሸ ሳንቲም ጥቂት ብቻ ከሸሸው እጅግ ይበልጣል፤ ከሸሹትም መካከል ዓመቱ የሚነበበው ይመረጣል። ይዞታ ማለት አለማርጀቱ፥ አለመፋቁና አለመታሸቱ ነው። ሳንቲምን ማሸት ዋጋውን መግደል መሆኑን ደግመን እናሳስባለን።

አራተኛው፥ ማለት የፈላጊው ብዛት፥ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው። ብርቅ የሆነ ሁሉ ውድ አይደለም። አንድ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቢሆንና የሚፈልገው ሰው ባይኖር ዋጋው ባዶ ነው። የአሜሪካን ሳንቲም የሚሰበስበው ሕዝብ በሚሊዮን ስለሚቈጠር የአሜሪካ ስሕተት ይወደዳል፤ የኢትዮጵያን ሳንቲም የሚሰበስበው ግን ጥቂት ነው፤ ስሕተቱን ለይቶ የሚፈልገው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሳንቲም የተሸጠበትን ዋጋ አይቶ የእኛን በዚያ ልክ መገመት ስሌቱን ከመሠረቱ ያፈርሰዋል።

የእንግሊዙ ዓመት አልባ 20 ፔኒ ይህን በግልጽ ያስተምራል። ወሬው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሰማ አንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ 50 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ። ወዲያውም በሺህ የሚቈጠር ፓውንድ የሚጠይቁ ሻጮች ተነሡ፤ አንዳንድ የዋሆችም ብዙ ከፈሉ። በኋላ ግን እንዲህ ያሉት ሳንቲሞች በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ መሆናቸው ሲታወቅ፥ ዋጋቸው ወደ አሥሮች ፓውንድ ወርዶ ረጋ። ከዚህ የምናገኘው ሕግ አጭር ነው፤ የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይባልም፥ ዋጋ የሚባለው በእርግጥ የተከፈለው ነው። አንድ ሻጭ በስልክ ላይ «መቶ ሺህ ብር» ብሎ ስለ ጻፈ ማንም ያን ያህል ከፍሏል ማለት አይደለም።

የሚሸጥ ሰው ሌላም ነገር ያስብ። በቸርችል ጎዳና የጥንት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ኪራይ ይከፍላል፥ ሳንቲሙም በመስኮቱ ውስጥ ዓመት ሊቀመጥበት ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የብረቱ ዋጋ ከስሕተቱ ይበልጣል። የ፲፱፻፴፮ቱ 50 ሳንቲም መጀመሪያ ከ1,000 እጅ 800 እጁ፥ በኋላ በተቀረጸው ደግሞ 700 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቈጠር ቢቀረጽም ከብረቱ ዋጋ በታች አይወርድም፤ በአሮጌነቱ ብቻ ግን ሀብት አያደርግም።

፯. ስለ ሕግና ስለ እርስ በርስ መተማመን

ሳንቲም እየቈረጡ ወይም እየቀቡ ስሕተት አስመስሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ ገንዘብን መለወጥና ማጉደልም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። የአክሱምን የመሰለ ጥንታዊ ገንዘብ ደግሞ የቅርስ ጥበቃ ሕግ፥ ማለት ዐዋጅ ቍጥር 209/1992፥ የሚመለከተው ስለ ሆነ፥ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ከአያቱ ሳጥን ውስጥ ጥንታዊ ገንዘብ ያገኘ ተማሪ ሻጭ ከመፈለጉ በፊት ወደ ሙዚየም ሄዶ ያሳይ፤ በብሔራዊ ሙዚየም የአክሱምን ገንዘብ፥ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ገንዘብ ከራሱ ጋር ማመሳከር ይችላል።

ከሕግ ቀጥሎ ያለው በመካከላችን ያለው መተማመን ነው። ዕውቀት ያለው ተማሪ ከማያውቀው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ላይ እውነተኛ ስሕተት ያለበትን ሳንቲም በአንድ ብር ቢገዛ ሕግ አይከሰው ይሆናል፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ወጥመድ አድርጎታል። አስቀድሞ ነግሮት ቢገዛው ግን ሁለቱም ተማሩ። የዚህ ጽሑፍ ጥቅም የሚለካው በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

መለማመጃ

1. ጎኑ በቅስት የጎደለ 10 ሳንቲም አገኛችሁ፤ በትይዩው በኩል ከንፈሩ ሙሉና ጥርት ያለ ነው። ምን ትላላችሁ?
2. በ፲፱፻፷፱ኙ 5 ሳንቲም ላይ ከወታደሩ ጠመንጃ አጠገብ የተነሣ ቀጭን መስመር አለ፤ በሌላ ሳንቲም ላይ ደግሞ በዚያው ስፍራ የገባ መስመር አለ። የትኛው የማኅተም ስንጥቅ ነው?
3. ቅንብቡ ያልተስተካከለ የ፲፱፻፴፮ 25 ሳንቲም «የስሕተት ሳንቲም» ተብሎ ቀረበላችሁ። ምን ትመልሳላችሁ?
4. የአንድ ብር ሳንቲም እምብርቱ የለም፤ የቀለበቱ የውስጥ ጠርዝ ተቧጥጧል። ፍርዱ ምንድን ነው?

መልሱም እንደሚከተለው ነው። አንደኛው በእጅ የተቈረጠ ነው፤ እውነተኛ ግማጅ ቢሆን ትይዩው ከንፈር በደከመ ነበር። በሁለተኛው የተነሣው መስመር ስንጥቅ ነው፤ የገባው ጭረት ነው። ሦስተኛው የመንግሥት እርማት ነው፤ ለታሪኩ ቢቀመጥ ይገባዋል። አራተኛው ተመትቶ የወጣ ነው፤ ዋጋውም አንድ ብር እንኳ መሆኑ ያጠራጥራል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ትናንሾቹ ሳንቲሞች ከገበያ እየራቁ ናቸው። ኑሮው ሲወደድ 5ና 10 ሳንቲም የሚገዛው ነገር ጠፋ፤ ብዙውም በየቤቱ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ነገ ከነጭራሹ ሲጠፉ ስለ እነርሱ የሚመሰክረው ዛሬ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ በየመኝታ ቤታችሁና በየወላጆቻችሁ ቤት ያለውን ጣሳ ዘርግፉት፤ በዐይነትና በዓመት ለዩት፤ የአንበሳውን ጢም፥ ጠርዙንና ክብደቱን መዝግቡ። ጠቃሚ ሆኖ ያገኛችሁትን ለማኅበራችን መጽሔት ላኩ፤ አሰባስበን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ከጣሳው ውስጥ አንድም ስሕተት ላይገኝ ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን ይገኛል፤ እርሱንም ከእኛ በቀር የሚያዘጋጀው የለም።